በኀምሳው ዕለታት የሚዘራ ጓሮ

የጸደይ ወራት የጓሮ አትክልት ሥራን በተመለከተ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

ቤተ ክርስቲያናችን በባሕረ ሐሳብ ሥርዐቷ ዓመቱን በአራት ወቅቶች ትከፍለዋለች። መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምትም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በከተማችን ግን አደይ አበባ ሲፈነዳ «ጸደይ ገባ» ማለት የተለመደ ሆኗል። ነገሩ የስም መዛወር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ ትተነው ባለፍን ነበር። ጓሮ ለሚያለማ ምእመን ግን ጸደይን በመስከረም መፈለግ ትልቁን የዘር ጊዜ ሳያውቁ ማሳለፍ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጓሮ አትክልት ሥራ በአጥቢያ ደረጃ ሲታቀድ ጊዜው መቼ እንደሆነ፣ ያንንም ጊዜ ከአጽዋማቱ ቈጥሮ ማግኘት እንዴት እንደሚቻል፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ከገጠመን ነገር በመነሣት እናቀርባለን።

ሐምሌ ላይ የደረሱ ችግኞች

በ2016 ዓ.ም. በቦሌ ክፍለ ከተማ በሩዋንዳ ሰፈርና በዙሪያው ለሚኖሩ የአንድ አጥቢያ ምእመናን የአትክልት ችግኝ እንድናቀርብ ተጠየቅን። ሩዋንዳን ለማያውቁ አንባብያን ለመግለጽ ያህል፣ ሰፈሩ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ያልራቀ፣ ስሙንም ከሩዋንዳ ኤምባሲ እንዳገኘ የሚነገርለት ነው። ከመንገድ ላይ ለሚያየው ሕንፃና ረጅም አጥር እንጂ ጓሮ ያለበት አይመስልም። ከበሩ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን ከዋናው ቤት ጀርባ በተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎችና በአጥሩ መካከል ሁለት እርምጃ የምትሆን መሬት ትገኛለች፤ በእርሷም ላይ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ አንዳንድ ጊዜም ጌሾና እንሰት ሳይቀር ይበቅላል። ግንባታ ባልተጀመረበት ባዶ ቦታ ደግሞ ዘበኛው በቆሎና ጎመን ዘርቶ ይጠብቃል። እኛ ይህን ሁሉ ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

የሰበካ ጉባኤው የተጠቃሚዎችን ስም ዝርዝር አዘጋጀ። አረጋውያን፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች፣ የቤት ኪራይ የከበደባቸው ቤተሰቦች ነበሩበት። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ በጾም ወራት የአትክልት ዋጋ ስለሚወደድ ቢያንስ ለወጥ የሚሆነውን ጎመን ከደጃፋቸው መቍረጥ ፈለጉ። እኛም ዕቅድ ጻፍን፤ ግዢው ተጓተተ፤ የጎመን፣ የቆስጣና የቲማቲም ችግኝ ተጭኖ ሲደርስ ጴጥሮስ ወጳውሎስ አልፎ ሐምሌ ተጋምሶ ነበር። ሰማዩ ሲያዘንብ ስላየን «እንዲያውም ውኃ ከማጠጣት ተገላገልን» ብለን ተጽናናን።

ጎመኑና ቆስጣው ውኃ ባቈረው ጥቁር አፈር ላይ ቢጫ ሆኖ ቆመ፤ ሥሩ በሰበሰ። የተረፈውን ቀንድ አውጣ ሌሊት ሌሊት እየወጣ ጨረሰው። የቲማቲሙ ቅጠል በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቍሮ ረገፈ። ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ችግኝ ከታደላቸው ቤቶች አብዛኞቹ ጎመን የሚገዙት ከጉልት ነበር። ለክትትል በየቤቱ ስንዞር ማንም አልወቀሰንም። አንዳንዶቹ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው «አልያዝነውም፣ ይቅር በሉን» አሉን፤ ከገንዘቡ ኪሳራ ይልቅ የከበደን ይህ ቃል ነበር።

በዚያው ዙር በአንዲት እናት ጓሮ ለምለም ጎመን አገኘን። እርሳቸው ከእኛ ችግኝ አልወሰዱም። ጎመናቸው ከጉልበት በላይ ደርሷል፤ የታችኛው ቅጠል ደጋግሞ እንደተቈረጠም ግንዱ ይናገራል። መቼ እንደዘሩት ስንጠይቃቸው «ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ የግንቦት ልደታ ሰሞን» አሉ። ከዚያም የእኛን ነገር አንሥተው «ዲያቆን ልጄ፣ እናንተ ዝናቡን አይታችሁ መጣችሁ። ጎመን ክረምቱን ቆሞ ነው መቀበል ያለበት። ሕፃን ልጅ ጎርፍ ይሻገራል?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

የአባ እንጦንስ ጓሮ

የጓሮ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ለአዳም የተሰጠው የመጀመሪያ ኀላፊነት ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነው። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች በላከው መልእክት በባዕድ ከተማ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ አዝዟል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ መጥቶ በሰው ግቢ ተከራይቶ ለሚኖር ምእመን ይህ መልእክት ቅርብ ነው፤ ነገ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰውም ዛሬ መዝራት እንደሚችል ያሳያልና።

ለሥራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የቅዱስ እንጦንስ ታሪክ ነው። አባታችን ወደ ውስጠኛው በረሓ ከገቡ በኋላ ወንድሞች እንጀራ ተሸክመው በረሓውን እያቋረጡ ይመጡላቸው ነበር። ለእነርሱ ሸክም መሆናቸውን ሲያዩ ዶማ፣ መጥረቢያና ጥቂት እህል እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። በተራራው ሥር ውኃ የሚደርስባት ጥቂት ቦታ መርጠው ቈፈሩ፤ ዘሩ፤ የዓመት እንጀራቸውን ከዚያ አገኙ። ቈይቶም የሚጐበኛቸው ሰው ሲበዛ፣ ከዚያ አድካሚ መንገድ በኋላ እንግዳው ጥቂት እንዲያርፍበት ብለው አትክልት ተከሉ። ውኃ ለመጠጣት የሚመጡት አራዊት አትክልቱን ሲያበላሹባቸውም አንዱን በየዋህነት ይዘው እኔ ሳልበድላችሁ ስለ ምን ትበድሉኛላችሁ የሚል ቃል እንደተናገሩና ከዚያ በኋላ እንዳልተመለሱ ተጽፏል።

ከዚህ ታሪክ ሰባኪያን ብዙውን ጊዜ የአራዊቱን ነገር ይወስዳሉ። እኛ ቅደም ተከተሉ እንዲታይ እንፈልጋለን። አባ እንጦንስ ሰው ላይ ሸክም ላለመሆን እህል ዘሩ፣ ከዚያም ለእንግዳ አትክልት ጨመሩ። ጓሮዋ በጣም ትንሽ ነበረች፤ ሁለቱንም ግን ችላለች። ቦታ የመረጡትም ውኃውን አይተው ነው። በአጥቢያ የሚጀመር የጓሮ ሥራም ለባለቤቱ ሰሐን የሚደርስ፣ ተርፎም ለጎረቤትና ለነዳያን የሚተርፍ፣ ውኃው አስቀድሞ የታሰበበት ሊሆን ይገባል።

ከጾም ወደ ኋላ መቍጠር

የምእመናን ማእድ የሚመራው በአጽዋማት ስለሆነ የጓሮውም ሰሌዳ ከዚያ መነሣት አለበት። ያቺ እናት የሚያደርጉትን ወደ ወረቀት ስናወርደው ከጾሙ መግቢያ ወደ ኋላ መቍጠር ሆኖ አገኘነው። የሐበሻ ጎመን ከተዘራ በኋላ አምስት ሳምንት ያህል በችግኝ መደብ ይቈያል፤ ተዛውሮ ሌላ አምስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ቅጠሉ መቈረጥ ይጀምራል። በድምሩ 70 ቀን ማለት ነው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ከዚያ 70 ቀን ወደ ኋላ ሲቈጠር ግንቦት 21 ይሆናል። ስለዚህ ለፍልሰታ ጎመን የሚፈልግ ቤት ዘሩ ቢዘገይ ቢዘገይ በግንቦት 21 አፈር ውስጥ መግባት አለበት። እኛ ችግኝ ይዘን የደረስነው ከዚህ ቀን ሰባት ሳምንት ያህል ዘግይተን ነው። ካሮት ከሦስት ወር በላይ ስለሚፈልግ 100 ቀን ብንሰጠው የመጨረሻ ቀኑ ሚያዝያ 21 ላይ ያርፋል። ሰላጣ በሁለት ወር ውስጥ ስለሚደርስ ጊዜው ሰፋ ይላል። ቆስጣ እንደ ጎመኑ ነው፤ ከዳር ከዳር ከተቈረጠ ደግሞ ለወራት ይሰጣል።

ጾመ ሐዋርያት ከፋሲካ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በየዓመቱ ሊሰላ ይገባዋል። ትንሣኤ ወደ ታች ሲል መጋቢት 26፣ ወደ ላይ ሲል ሚያዝያ 30 ይውላል። ጾሙም በዚያው ልክ ከግንቦት 16 እስከ ሰኔ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ገብቶ ለሐምሌ 5 ይፈታል፤ ርዝመቱ አንዳንድ ዓመት 15 ቀን፣ አንዳንድ ዓመት 49 ቀን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 4፣ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ስለሚውል ጾሙ ግንቦት 24 ሰኞ ይገባል። በፋሲካ ሳምንት የተዘራ ጎመን ከሰኔ 15 በኋላ ይቈረጣል። የጾሙን የመጨረሻ ሳምንታት ይደርስበታል፤ ፍልሰታን ሙሉ ይመግባል።

እዚህ ላይ በአጥቢያ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ዕለታት ጾም የሌለባቸው ናቸው። ሁለት ወር ገደማ በጎመንና በሽሮ የቈየ ሰው በእነዚህ ቀናት ስለ ጎመን ማሰብ አይፈልግም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አንፈልግም። ሰው ሁሉ ዘመድ በሚጠይቅበት፣ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን የችግኝ መደብ አዘጋጁ ብሎ መናገርም የደስታውን ጊዜ እንደ ማደፍረስ ይቈጠራል። ነገር ግን የቀጣዮቹ ሁለት አጽዋማት ጓሮ የሚወሰነው በእነዚሁ ቀናት ነው። በትንሣኤ ማለዳ መግደላዊት ማርያም ጌታን አትክልተኛ መስሏት እንደነበር በወንጌለ ዮሐንስ ተጽፏል። ካህናት አባቶች በዳግም ትንሣኤ ስብከታቸው ይህን ክፍል ሲያነሡ ስለ ዘሩም አንድ ቃል ቢጨምሩ ከስብከታቸው የሚወጡ አይመስለንም።

ስለ ሌሎቹ አጽዋማት በአጭሩ፣ ኅዳር 15 ለሚገባው ጾመ ነቢያት ዘሩ አዲሱ ዓመት እንደገባ መስከረም 5 ገደማ መዘራት አለበት። የዐቢይ ጾም ጓሮ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውስጥ የሚያልፍ፣ ሙሉ በሙሉም በማጠጣት የሚኖር ስለሆነ ለጀማሪ አጥቢያ አንመክረውም።

ዋልካን በመደብ

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ውኃ ይቋጥራል። የእኛን ችግኝ የገደለው ዝናቡ ብቻ አልነበረም፤ ከዝናቡ በታች ያለው ይህ አፈር ነው። የእኒያ እናት ጎመን የቆመው ደግሞ ከጓሮው ወለል ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ባለ መደብ ላይ ነበር። ይህን የት እንደተማሩ ስንጠይቃቸው ሳቁ። ተወልደው ያደጉት ሰሜን ሸዋ፣ ኢንዋሪ ነው። በኢንዋሪ ዋልካ ላይ መሬቱ ከታረሰ በኋላ ገበሬው ከነቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ አፈሩን በእጃቸው እየከመሩ ሰፊ መደብና የውኃ ቦይ ያወጣሉ። ልጅ ሳሉ የሠሩትን ነው ሩዋንዳ ላይ የደገሙት።

ይህ የኢንዋሪ ሥራ በሳይንሱም ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ ኢልሪ የሚባለው፣ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ኢልካ ይባል የነበረውና ግቢው እዚሁ በቦሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ በበሬ የሚጐተት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የመሣሪያው ዓላማ የኢንዋሪ ቤተሰቦች በእጃቸው የሚደክሙበትን ሥራ ማቅለል ነው። እኛ በአንጻሩ መፍትሔውን የሚያውቁ እናት ከሚኖሩበት ግቢ አጠገብ ቆመን ችግኝ ስናድል ነበር።

መደቡን ለማዘጋጀት ስፋቱን ከአንድ ሜትር አለማሳለፍ ይበቃል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስበትና ማንም እንዳይረግጠው ነው። ከፍታው 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አምስት ሜትር ርዝመት ባለው መደብ ላይ በሁለት ረድፍ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ 24 የጎመን ችግኝ ይገባል። ዋልካ እርጥብ ሆኖ ከተቈፈረ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። አፈሩን ጨብጦ መሬት ላይ መጣል ነው፤ ከተፈረካከሰ ጊዜው ነው፣ እንደ ጭቃ ከተለጠፈ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቅ። የበሰበሰ ፍግ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ በየጊዜው ሲደባለቅበት ከዓመት ዓመት ይለሰልሳል። ካሮት የሚወደው የላላ አፈር ስለሆነ በዋልካ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጥሬ ፍግ ካገኘው ደግሞ እግር ያወጣል። ለእርሱ ጆንያ ይሻላል። የቦዩ አፍ ወዴት እንደሚፈስ አስቀድሞ ይታይ። በአንድ ግቢ የመደቡ ውኃ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ፈስሶ ካህን እስኪገባበት የደረሰ ጠብ አይተናል።

ስለ ውኃ አንድ ስሌት እናስቀምጥ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር ነው፤ የሚረጨውና የሚተነው ተቀንሶ እንኳ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ይሞላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የጸደዩ ዝናብ ጥቂትና ቃሉን የማይጠብቅ ስለሆነ የመጣውን መያዝ ግድ ነው። ለአንድ ቤት አሸንዳና በርሜል መስጠት ብዙ ችግኝ ከመስጠት ይበልጣል ብለን እናምናለን። የልብስ እጣቢ በረኪና ካለበት አይጠጣ። የወንዝ ውኃ ደግሞ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት ጥሬ ለሚበላ አትክልት ፈጽሞ አይሆንም።

ባለ ጓሮዎቹ

በ2017 ዓ.ም. ወደዚያው አጥቢያ ስንመለስ ችግኝ አልያዝንም። የሰበካ ጉባኤውን የጠየቅነው አስቀድሞ ጓሮ ያላቸውን እንዲያገናኘን ብቻ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የኢንዋሪዋ እናት፣ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ የአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ፣ አንዲት ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ተከራይ እናትና ሌሎችም። ብዙዎቹ በመልክ ይተዋወቃሉ እንጂ አንዳቸው ሌላቸው ጓሮ እንዳላቸው አያውቁም ነበር። ቡና ቀርቦ ወሬው ሲጀመር ግን እኛን ረሱን። መምህሩ የዘራበትንና የቈረጠበትን ቀን ሁሉ የጻፈበት ደብተር አለው። ዘበኛው ቆራጭ ትልን በዐመድ እንዴት እንደሚከላከል አስረዳ፤ ችግኙ ሥር ክብ አድርጎ መነስነስ፣ ዝናብ ካጠበውም መድገም ነው አለ። ተከራይዋ የጎረቤት ዶሮ ችግኟን ሦስት ጊዜ ጭራ እንዳጠፋችባትና በመጨረሻ የሽንኩርት ከረጢት ቀዳ መረብ እንዳደረገችው ስትናገር አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ ዶሮዋ ያለችበት ቤት ባለቤትም እዚያው ተቀምጠው ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። እነዚህ ባለ ጓሮዎች በዚያው ሳምንት እያንዳንዳቸው ለራሳቸውና ለጥቂት ጎረቤት የሚበቃ የችግኝ መደብ አዘጋጁ። ግንቦት 20 ገደማ ችግኙን ለየቤቱ ያደረሱት እነርሱ ናቸው፤ መደብ አብረው ቈፈሩ፣ በሳምንቱም እንደገና ሄደው አዩ። የእኛ ድርሻ ዘር፣ ጥቂት በርሜልና አሸንዳ ማቅረብ ብቻ ሆነ። ሁሉም አልተሳካላቸውም። ውኃ ለሁለት ሳምንት የጠፋበት ግቢ ነበር፤ ክሽክሽ የወረረው ጎመንም ነበር። ክሽክሹን ቀድመው ያዩት በሳሙና ውኃ አጥበው አዳኑት፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀድቶ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጥ መድኃኒት የገዛም ነበርና ለምግብ በሚውል ቅጠል ላይ እንዳይረጭ ከለከልነው። ቢሆንም በፍልሰታ ሱባኤ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ጎመን ከደጃፋቸው ቈረጡ፤ የተረፋቸውም በማኅበር ቀን ለጠበል ጠዲቅ ይዘው መጡ።

የተከራይዋ እናት ነገር ግን ሌላ አስተማረን። ሐምሌ ላይ ባለቤቶቹ ተጨማሪ ክፍል ሊሠሩ ስለ ፈለጉ መደቧ ተቈፈረ፤ እርሷም ቤቱን እንድትለቅ ተነገራት። መሬቱ የሰው ነውና የሚከሰስ የለም። መደቧን ስናይ ጎመኑ ከአሸዋ ክምር ሥር ነበር። አስቀድማ ግን መምህሩ እንደመከራት ግማሹን ችግኝ በጆንያና በቀለም ባልዲ ተክላ ስለነበር፣ ዕቃዋ በተጫነበት መኪና ጆንያዎቹም አብረው ተጫኑ። ከዚያ ወዲህ ተከራይ ለሆነ ሁሉ መደብ ሳይሆን ጆንያ እንመክራለን። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ አፈርና ብስባሽ ተደባልቆ ይሞላል፤ ጎኑ ተቀዶ ቆስጣና ሰላጣ ይተከልበታል። ዋልካ የማይመቸው ካሮትም በዚሁ ይሆናል።

ይህን አይተው የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አባላት «ለእንዲህ ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥቂት ቦታ አይሰጥም ወይ» የሚል ጥያቄ አነሡ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ ወገን በአጥሩ ላይ ሱቅ ሠርቶ ማከራየት ይሻላል አለ። ይህን ሐሳብ የሚንቅ ካለ የአገልጋዮች ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል አላሰበም ማለት ነው። ሌላው ወገን ግን ሱቅ የሚሠራው በመንገድ ዳር እንደሆነ፣ ከጀርባ ያለው ስፍራ ለኪራይ እንደማይሆንና ቆሻሻ መጣያ ሆኖ እንደቀረ አመለከተ። በመጨረሻ ያ ስፍራ ጸድቶ ለጓሮ ተሰጠ፤ እኛም ደግፈነዋል። ሆኖም በቅጽር ውስጥ ለሚደረግ ሥራ ሦስት ነገር ልብ ይባል፤ መካነ መቃብር ያለበት ወይም የነበረበት ቦታ አይቈፈር፤ ወደ ቤተ ልሔም የሚወስደው መንገድ ነጻ ይሁን፤ ቦታው ለማን፣ ለስንት ጊዜ እንደተሰጠ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የፈለገው በቤቱ አጠገብ ስለነበረች የአትክልት ስፍራ ሊያደርጋት ነው፤ አትክልት መውደዱ ከፍርድ አላዳነውም። ጓሮም የጠብ ምክንያት ሊሆን ይችላልና ሳይጻፍ አይጀመር።

ለዘንድሮ ለሚጀምሩ አጥቢያዎች

ይህ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ፋሲካ ቀርቦ ይሆናል። በመጋቢት ወር በምታደርጉት ጉባኤ ከአጥቢያችሁ ጓሮ ያላቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ በተለይ እናቶችን፣ ጠርታችሁ መቼ እንደሚዘሩ ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ቀን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ካልተስማማ የእነርሱን ያዙ፤ ይህ ስሌት ለአዲስ አበባ ደጋ የተሠራ ነው፤ በቈላ ያለ አጥቢያ የራሱ ጊዜ አለው። በየወረዳው የሚገኙት የከተማ ግብርና ባለሙያዎችም ቢጋበዙ ስለ ዘር ዓይነትና ስለ በሽታ ይረዳሉ። ድንች የሚያስቡ ካሉ በመጋቢት መጨረሻ ይትከሉ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቅጠሉን የሚያጠቍረውን በሽታ ሳያበረታ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ ሰሞን ይወጣል።

ዘርን በተመለከተ በየዓመቱ መግዛት አያስፈልግም። ከጎመኑ መካከል ጤነኛውንና ዘግይቶ የሚያብበውን ሁለት ሦስት ግንድ ሳይቈርጡ መተው ነው። ቶሎ የሚያብበው ከተያዘ ልጁም ቶሎ ያብባል፤ ቅጠሉ አይበረክትም። ዛላው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርቅ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይቈረጣል፤ ፀሓይ ሲበረታ ከተነካ ይፈነዳል። ተወቅቶ፣ ተነፍቶ፣ ከጥቂት ዐመድ ጋር በደረቀ ጠርሙስ ይቀመጣል። የኢንዋሪዋ እናት እንዲህ ያስቀመጡትን አንድ ጠርሙስ ዘር ለጥር ሥላሴ ለአጥቢያው ሰጥተዋል። ጠርሙሱ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሰፈርለታል፤ ስሙም በመምህሩ ደብተር ይጻፋል።